ብረቱ ያልያዛት ኳስ

ሕዝቡ ማልቀስ በነበረበት ቦታ ላይ ሳቀ።

ሳቁም የዋዛ አልነበረም። ከፊት ወንበሮች ተነስቶ ወደ ኋላ ተንከባለለና አዳራሹን ሞላው። በሸራው ላይ ያ በአክሽን ፊልም የታወቀው፣ ከፎቅ ፎቅ የሚዘለው፣ አገር ምድሩ «ብረቱ» የሚለው ኮከብ የበረኛ ጓንት አጥልቆ፣ የሟች አባቱን ፎቶ ደረቱ ላይ ይዞ ሊያለቅስ እየታገለ ነበር። እንባ ግን እንደ ጡንቻ ብረት በማንሳት አይመጣም። ፊቱን ጨመደደው፣ አፍንጫውን ነፋው፣ ከንፈሩን አንቀጠቀጠው፤ በመጨረሻ የደረሰበት ማስነጠስ የመጣበት ሰው ፊት ላይ ነው።

«ይማርህ!» አለ አንድ ጎረምሳ ከጨለማው ውስጥ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መቀስ ከአባቷ ጎን፣ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ የወንበሯን ክንድ ጨመቀችው። መቀስ ወላጅ ያወጣላት ስም አይደለም። የፊልሙ ኤዲተር ናትና ባልደረቦቿ ናቸው እንዲህ የሚሏት፤ ያልጣማትን ምስል ማንም ቢለምናት አትምርም። ይቺን የማስነጠስ ለቅሶ ግን አባቷ አላስነኳትም። አባቷ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ናቸው። «ለዚህ ሰውዬ የፊልሙን ግማሽ ገንዘብ ከፍዬ፣ ሲያለቅስልኝ ልቆርጠው ነው? በይ ይልቅ አስረዝሚው!» ነበር መልሳቸው። እሷም አስረዘመችው። ይኸው ርዝመቱ ሁሉ ለሳቅ ሆነ።

ጉዱ ግን ገና ነበር። የፊልሙ ማሳረጊያ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። አጥቂው ተንደርድሮ መታ፤ በረኛው አየር ላይ ተዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ነካትና አወጣት። እውነት ለመናገር ያቺ ውርወራ ውብ ነበረች። በዚያ ልፍስፍስ ፊልም ውስጥ ሰው ትንፋሹን የያዘው ያኔ ብቻ ነው። ወዲያው ግን ያው ጎረምሳ፣ «ኧረ ሰሌዳውን እዩልኝ! መስታወት የያዘ ያውሰኝ፣ ላንብበው!» ብሎ ጮኸ። ከግቡ ኋላ የተተከለው የቀለም ማስታወቂያ፣ ጽሑፉ ከነፊደሉ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነበር።

መቀስ ክው አለች። ያንን ሰሌዳ በገዛ እጇ አደብዝዛዋለች። «ይህማ የኔ ቅጂ አይደለም» አለች በሆዷ። የሚታየው የድሮው፣ ገና ያላለቀው ቅጂ ነው።

ሰሌዳው ለምን እንደተገለበጠ የሚያውቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ከነሱ አንዱ በኋለኛው ረድፍ እናቱን ይዞ ተቀምጧል።

ብረቱ ያቺን ኳስ አልያዛትም። ብረቱ በፊልሙ ሙሉ አንዲት ኳስ አልያዘም፤ ሣር ላይ መውደቅ ለቆዳዬ አይስማማም ብሏል። በሱ ፈንታ የወደቀለት በሁለተኛ ዲቪዚዮን የሚጫወት በረኛ ነው። የቡድኑ ልጆች «ቆቁ» ይሉታል፤ ተኝቶም አንድ ዓይኑ አይተኛም ለማለት። በረኝነት የቤት ኪራይ አይችልምና በአዘቦት ቀን መስታወት ይቆርጣል፣ መስኮት ይገጥማል። ችግሩ ቆቁ ግራኝ ነው፣ ብረቱ ደግሞ ቀኝ። ስለዚህ መቀስ ቆቁ የተወረወረበትን ምስል ሁሉ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ እያደረገች ገለበጠችው። የማልያው ቁጥር አንድ ቀጥ ያለች መስመር ስለሆነች ተገልብጣም ያው ናት። ፊቱ ወደ ካሜራ ሊዞር ሲል ትቆርጠውና የብረቱን ፊት ትቀጥልበታለች። ሥራዋ ይኸው ነበር። ለመቁረጥ ደግሞ ደጋግሞ ማየት ግድ ነው፤ ሰውየውን ከማወቋ በፊት ፊቱን ለመደችው።

አንድ ቀን የኤዲቲንግ ክፍሏ መስኮት ተሰነጠቀና መስታወት ገጣሚ ተጠራ። የመጣው እሱ ሆነ። መቀስ በቀኝ ቅንድቡ ላይ የምታውቀውን ጠባሳ ፈለገች፤ ጠባሳው በግራው ላይ ቁጭ ብሏል።

«ጠባሳህን ማን አዛወረው?» አለችው ሳታስበው።

ነገሩ ሲገባው ሳቀ። ያን ቀን አንዲት መስኮት ለመግጠም የፈጀበት ጊዜ ሙሉ ሕንጻ ያስገጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆቁ በኤዲቲንግ ቤቱ የኋላ በር ብቅ ሳይል ያለፈ ሳምንት የለም። የኋላ በር ነው፤ በፊት ለፊቱ በኩል የአባቷ ቢሮ አለ።

ያቺ ውብ ውርወራ ደግሞ በነጻ አልመጣችም። በቀረጻው ቀን ብረቱ አርፍዶ መጣ፣ ዝናብ ሜዳውን አጨቀየው፣ ዳይሬክተሩ «ድገሙ» አለ። ሲደገም የቆቁ ግራ እጅ የግቡን ቋሚ መታና የመሀል ጣቱ ተሰበረ። ጭቃ ለብሶ ሲነሳ ግን ኳሷ አልገባችምና ይስቅ ነበር። መቀስ ያንን ሳቅ ከተጣሉት ምስሎች መሀል አገኘችው። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ሲወጣ፣ ያ ሳቅ ከነስሙ እንዲታይ አድርጋ አስገባችው። «እናትህን ይዘህ ና» ብላ ለምረቃው ቲኬት የሰጠችው ለዚህ ነው።

ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። የሹፌሮቹ ስም ወጣ። ሜካፕ የሠራችው ወጣች። ጄኔሬተር ያከራየው ወጣ። ቆቁ የለም። መብራት በራ።

ከአዳራሹ ስትወጣ ካሜራዎቹ አባቷንና ብረቱን ከበዋል። ከደረጃው ግርጌ ቆቁ እናቱን በክንዱ ደግፎ ቆሟል። እናቱ የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ አሁንም ልጃቸው ከአንድ ቦታ ብቅ ይልላቸው ይመስል ወደ ሲኒማው በር ያያሉ። ዓይኗና ዓይኑ ተገጣጠሙ። የሱ ዓይን አልተቆጣም፤ ይጠብቅ ነበር። መቀስ አንድ እርምጃ ወደ እሱ አለች።

«ነይ እንጂ ልጄ፣ ፎቶ!» አሉ አባቷ ክንዷን ይዘው።

ዓይኗን አዞረች። መልሳ ስታይ ደረጃው ባዶ ነው። በካሜራው ፊት ፈገግ አለች፤ እንደዚያ ፈገግታ ፊቷን ያሳመማት ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳ ላይ ያገኘችው መልእክት አጭር ነበር። «እማዬ ‹አንተ የቱ ጋ ነህ?› አለችኝ። እኔም አላየሁኝም አልኳት።» ደወለችለት፤ አላነሳም። ደግማ ደወለች፤ ዘጋው።

ሳሎን ስትገባ አክስቷ ጋዜጣ ዘርግተው በመነጽራቸው አናት ያነባሉ። የአባቷ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቷ ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸውና አባቷ ናቸው። ምላሳቸው አያርፍም።

«ስሚ ይሄን» አሉ። «‹ብረቱ ሕንጻ ሲያፈርስ ያምርበታል፤ ዘንድሮ ያፈረሰው ግን ፊልሙን ነው።› ወይ ጉድ፣ ይሄ ጸሐፊ ትዳር አለው ይሆን?»

«እትዬ፣ በናትሽ!» አሉ አባቷ። በሌሊት ልብሳቸው ከመስኮት እስከ በር ይመላለሳሉ።

«ምነው፣ እኔ ነኝ የቀጠርኩት? ‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።› ለአንድ ጡንቻ ያን ሁሉ ከምታፈስ አራት ደህና ተዋንያን ይወጣው ነበር።»

መቀስ አልተቀመጠችም። «አባዬ፣ ትናንት የታየው የኔ ቅጂ አይደለም።»

አባቷ ቆሙ። ልጃቸውን አያታልሉም፤ ይህ አመላቸው አይደለም። «የብረቱ ወኪል ከስሞቹ መሀል ያንን የሚስቀውን ልጅ አይቶ ጮኸብኝ። ‹ሁሉንም ራሱ ተጫውቶታል ብለን በየግድግዳው ለጥፈን፣ ይሄ ደግሞ ማነው?› አለ። ጊዜ አልነበረም። የድሮው ቅጂ ይታይ አልኩ።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«አልልም።»

«ይኸው!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሰሌዳው በድሮው ላይ እንዳልደበዘዘ ረሳሁት። አሁን ሰው ሁሉ በሱ ነው የሚስቀው። ዛሬ ጋዜጣዊ መግለጫ አለ፤ መጠየቃቸው አይቀርም። ‹የኔ ስህተት ነው፣ ልምድ አነሰኝ› በይልኝ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይረሳልሻል። የብረቱ ስም ከወደቀ ግን ሲኒማ ቤቶቹ ነገውኑ ያወርዱታል። ስንት ዓመት ለፋሁበት፤ አይተሻል።»

«ያ የሚስቀው ልጅስ? ጣቱን የሰበረው?»

«ተከፍሎታል። አልናገርም ብሎ ፈርሟል። ምን ቸገረሽ ስለሱ?»

ይህን ጊዜ መናገር ነበረባት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አክስቷ ከጋዜጣው በላይ አሻግረው አዩዋት፤ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ነገር በዓይን ይገባልና መቀስ አንገቷን ደፋች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ አክስቷ ለማንም ሳይሆን።

«እትዬ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም!»

«ዝንቡማ ትናንት ገብቶልሃል። አዳራሹ ሲስቅ አፍህ ተከፍቶ ነበር።»

መቀስ አባቷን አየቻቸው። በአንድ ሌሊት ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል። ልጅ ሳለች ስትታመም አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ የሚያድሩት ሰው ናቸው።

«እሺ» አለች። ቃሏ ከአፏ ስትወጣ ራሷን ጠላችው።

መግለጫው የተጠራው በሆቴል አዳራሽ ነው። ከጠረጴዛው መሀል ብረቱ ጉብ ብሏል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ቀኝ እጁ ከአንጓው ጀምሮ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፎቶ አንሺዎች እንዳይቸገሩ ጠረጴዛው ላይ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። መቀስ ፋሻውን አፍጥጣ አየችው። ሰውየው የተሰበረውን ጣት እንኳ ያየው ከፊልሙ ላይ ነው። በፊልሙ ላይ የሚመታው ቀኝ እጅ ነዋ!

«አንዳንዶች ፊልሙን አልወደዱትም አሉ» አለ ብረቱ በዚያ ወፍራም ድምፁ። «እኔ ግን ለዚህ ፊልም ደሜን ሰጥቻለሁ። ያቺን ኳስ ሳድን የደረሰብኝን እጄ ይናገራል። ጀግና ቁስሉን አያወራም።»

ይህን ብሎ ቁስሉን ሲያወራ ቆየ።

አንዲት ሽሩባ የተሠራች ጋዜጠኛ እጇን አወጣች። «ጥያቄዬ ለኤዲተሯ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ሰሌዳው ተገልብጧል። ሕዝቡ ከፊልሙ ሁሉ ያስታወሰው እሱን ነው። እንዴት አለፈሽ?»

ማይክሮፎኑ ወደ መቀስ መጣ። አባቷ ከጠረጴዛው ዳር ሆነው በዓይናቸው «አይዞሽ» አሏት። ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር አጭር ናት፤ ከመኪና እስክትወርድ ስትደጋግማት ነበር። አፏን ከፈተች። ዓይኗ ግን ፋሻው ላይ አረፈ። ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሥሩ ምንም የለም። ከዚህ ፋሻ ማዶ አንዲት እናት «የቱ ጋ ነህ?» ይላሉ።

«ስህተት አይደለም» አለች።

ጋዜጠኞቹ መቅጃቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

«ምስሉን አውቄ ነው የገለበጥኩት። ኳሷን ያወጣት ሰው ግራኝ ነው። ብረቱ ቀኝ ስለሆነ አንድ ሰው እንዲመስሉ ገለበጥኩት። ኳሷን ብረቱ አላወጣትም። እሷን ብቻ አይደለም፤ ሌላም ያወጣት የለም።»

«ልጄ!» አሉ አባቷ።

«ምን ትላለች ይቺ?» አለ ብረቱ መነጽሩን አውልቆ። «የተሰበረ እጅ ይዤ እየታየሁ?»

«ታመህ ከሆነ እግዜር ይማርህ» አለች መቀስ። «ያኔ የተሰበረው ግን ግራ ጣት ነው። በፊልሙ ላይ ቀኝ የሚመስለው እኔ ስለገለበጥኩት ነው። አንተ የፊልሙን እጅ ነው የጠቀለልከው። አክስቴ ሁልጊዜ ‹የሰው ወርቅ አያደምቅ› ትላለች፤ የሰው ስብራትም አያደምቅም።»

ሳቅ፣ ጩኸት፣ የካሜራ ብልጭታ ተደበላለቀ። ብረቱ የታሰረውን እጁን ከጠረጴዛው ሥር ከተተው፤ ሕዝቡ ይህንን ሲያይ ይብሱን ሳቀ። ጋዜጠኞቹ ተነስተው ቆሙ። «ማነው ሰውየው? የት ነው ያለው?» መቀስ ሙሉ ስሙን ከነቡድኑ ተናገረች። «መስታወት ቤት ይሠራል። እሁድ እሁድ ግብ ላይ ይቆማል። ሄዳችሁ እዩት፤ እንደ ፊልሙ አታፍሩበትም» አለች።

እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣላት እሷም አላወቀችም። ደስ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ምስል ስትቆርጥ ኖራ፣ ዛሬ ገና የራሷን ቃል ሳትቆርጥ ተናገረች።

ያቺው ሽሩባ የተሠራች ጋዜጠኛ ግን አልተቀመጠችም። በጥርጣሬ ፈገግ እንዳለች ጠየቀች። «ለዚህ ሰው ይህን ያህል ስትቆሚ… በምንድን ነው የምታውቂው?»

መቀስ ወደ አባቷ አየች። አባቷ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። የገዛ ልጃቸው በአደባባይ ያዋረደቻቸው አባት ናቸው። አንድ ሌላ ነገር ብትጨምርባቸው የሚወድቁ መሰላት።

«በሥራ» አለች። «በሥራ ነው የማውቀው።»

አባቷ ምንም ሳይናገሩ ወጥተው ሄዱ። ሰው ሁሉ እየከበበ «ጀግና» ሲላት፣ የአፏ ምሬት አልለቃት አለ።

መስታወት ቤቱ ከአናጢዎችና ከብረት በያጆች ሱቅ መሀል ነው። በየግድግዳው የተደገፉ መስታወቶች መንገደኛውን ቁርጥራጭ አድርገው ያሳያሉ። ቆቁ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በመቁረጫው መስመር ያሰምራል፤ ጠማማዋ ጣቱ መሳሪያውን አልጨብጥ ብላ ከሌሎቹ ተነጥላ ቆማለች። ሬዲዮው ተከፍቷል።

«ሰማሁሽ» አለ ቀና ሳይል።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ጎበዝ ነሽ። የቡድኑ ልጆች በሙሉ ደወሉ። አሰልጣኛችን እንኳ ደወለ፤ እሱ ብር ሊበደር ካልሆነ አይደውልም።» መስታወቱን ቀጭ አድርጎ ሰበረው። «እናቴም አለቀሰች።»

«ፊትህን ከፊልሙ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። አባቴ የድሮውን ቅጂ—»

«ገብቶኛል። የተገለበጠውን ሰሌዳ ሳይ ነው የገባኝ፤ ስታደበዝዢው አጠገብሽ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ስልኬን ዘጋህ?»

ቆቁ መቁረጫውን አስቀመጠ። አሁን ነው በደንብ ያያት። «ደረጃው ላይ እናቴን ይዤ ቆሜ ነበር። አየሽኝ። እኔ ካሜራ አልፈለግሁም፤ ‹እማዬ› ብለሽ ጉንጯን ብትስሚልኝ ይበቃኝ ነበር። ዓይንሽን አዞርሽ። እሺ፣ ግርግር ነው፣ ደንግጣለች አልኩ። ዛሬ ደግሞ በማይክሮፎን ጠየቁሽ፤ አገር እየሰማ። ምን አልሽ?»

መቀስ ዓይኗን ወደ ተሰበረው መስታወት መለሰች።

«‹በሥራ ነው የማውቀው።›» ድምፁን አልጨመረም፤ ባይጨምርም አመማት። «መቀሴ፣ ብረቱ ቢደብቀኝ ተከፍሎት ነው። አንቺ ግን በነጻ ደበቅሽኝ።»

ዓይኗ በእንባ ሞላ። ከእንባው ጋር ንዴትም መጣ። «አንተስ? አንድ ቀን ‹በፊት ለፊቱ በር ልግባ› ብለህ ታውቃለህ? የኋላ በሩን መወርወሪያ በየሳምንቱ የምትከፍተው አንተ ነህ! ጫማህን እንኳ አውልቀህ ነው ኮሪደሩን የምታልፈው!»

«ፈርቼ ነዋ! መስታወት ገጣሚ ነኝ። የአባትሽ ዘበኛ እንኳ ‹አንተ› ነው የሚለኝ።»

«እኔም ፈርቼ ነው! እኔም ሰው ነኝ!»

ሁለቱም ጮኸው ነበርና ጎረቤት ያለው በያጅ ብየዳውን አቁሞ አንገቱን አሰገገ። ቆቁ በሩን ሊዘጋው ሄደ። «ተወው» አለች መቀስ፤ «ክፍት ይሁን። የተዘጋ በር በቃኝ።»

ስልኳ ጠራ። «አባዬ» ይላል። አየችው፤ አየው። ቆቁ ፊቱን ወደ መስታወቶቹ መለሰ፤ የሚሰማውን ያውቀዋል። መቀስ ስልኩን አነሳችና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ልጅ! የት ነሽ?»

«መስታወት ቤት።»

«ጎሽ! እዚያው ቆዪ።» አባቷ ያለከልካሉ። «ወኪሉ ሊከሰን ነው። አንድ መላ አለ። ያ ልጅ አንድ ወረቀት ይፈርም። ‹ኤዲተሯ ተሳስታለች፣ እኔ አልተወረወርኩም› ይበል። በሥራ ታውቂው የለም? አግባቢው።»

ቆቁ አልዞረም። ትከሻው ብቻ ትንሽ ዝቅ አለ። መቀስ ያንን ትከሻ አየች።

«አባዬ፣ መግለጫው ላይ ስለ ኳሷ አልዋሸሁም፤ መጨረሻ ላይ ግን ዋሸሁ። በሥራ አይደለም የማውቀው።»

«እንዴት?»

«እወደዋለሁ። በኋላ በር ሳስገባው፣ በኋላ በር ሳስወጣው ነው የከረምኩት። ትናንት እናቱ ፊት ዓይኔን አዞርኩ፤ ያንን ይቅር አልለውም ለራሴ። አንተን እወድሃለሁ አባዬ፣ ስላዋረድኩህ ጉልበትህን እስማለሁ። እውነቱን ግን አልመልሰውም። እሁድ ከጨዋታው በኋላ በቤታችን የፊት ለፊት በር ይዤው እመጣለሁ፤ ከነእናቱ። ካልከፈትክ ደጅ እንቀመጣለን። ጎረቤት ይይ።»

ከስልኩ ወዲያ፣ ከሩቅ የአክስቷ ድምፅ «እሰይ!» ሲል ተሰማ።

«እትዬ፣ ዝም በይ!» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ተሰብሯል። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አለ እዚያ?»

«አለ።»

«ስጪው።»

ቆቁ እጁን በሱሪው ጠረገ። ጨዋታ ሊጀመር ሲል የሚያደርገውን አደረገ፤ ትከሻውን ነቀነቀና ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው። መቀስ የምትሰማው የሱን ብቻ ሆነ።

«አቤት ጋሼ… አዎ፣ እኔ ነኝ… ጣቴ? ድናለች፣ ትንሽ ጠማማ ናት እንጂ… አይ ጋሼ።» ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። በያጁ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል፤ መሄዱን ረስቶታል። «ገብቶኛል ጋሼ። የፊልሙም ነገር ያሳዝነኛል፤ እኔም ወድቄበታለሁ እኮ። ግን አልፈርምም… የገንዘብ ነገር አይደለም። ከዚህ በፊት የለሁም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሁለተኛ የለሁም ብዬ አልፈርምም።»

ቆቁ ወደ መቀስ ዞረ። ዓይኑ እርጥብ ነው፤ አልደበቀውም።

«‹ልጅዎን እወዳታለሁ› የሚል ወረቀት ካለዎት ግን ይላኩልኝ ጋሼ። እሱን አሁኑኑ፣ ሰው ሰብስቤ እፈርማለሁ።»

ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው።

«ዘጉት» አለ።

«ይዝጉት» አለች መቀስ። ሳቋና እንባዋ እኩል መጣ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ በያጁ ቆሞ፣ መንገደኛው እያየ፣ ሄዳ አንገቱን አቀፈችው። «የዘጉት ስልኩን ነው። በሩን እሁድ ሄደን እናየዋለን።»

ፍርሃቱ አልለቃቸውም። ግን አንዳቸውም ሌላውን አልለቀቁም።